ቤቱን ስታሠሩ በሩን ከአገር ልጅ ግዙ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት አባላት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት አባላት፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ በዚህች ከተማ የብረት በርና መስኮት እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። የራሴ ቤት የለኝም፣ ተከራይ ነኝ። በ2005 ኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡትና ዕጣ ካልወጣላቸው አንዱም ነኝ። ስለዚህ ስለ ቤትም ሆነ ስለ አገር ውስጥ ምርት ስትወያዩ ጆሮዬን ጥዬ ነው የምከታተለው።

በጉባኤያችሁ የአገር ውስጥ ምርትን መደገፍ አንድ አጀንዳ ነው። የቤት ልማት ሌላ አጀንዳ ነው። ሪፖርት የሚያቀርበው ቢሮ ይለያያል። ጥያቄውም ይለያያል። በጀቱም ለየብቻ ነው የሚጸድቀው። የምለምናችሁ ነገር እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ እንድትወስኑ ነው። ቤት ስታሠሩ ለቤቱ የሚያስፈልገው ዕቃ እዚሁ ከሚያመርተው ሰው ይገዛ። ቤቱ ሲያልቅ ደግሞ የሚገባበት ሰው መተዳደሪያ ሥራውን ይዞ መግባት ይቻለው።

ለምን እንዲህ እንደምል ላስረዳ።

አዲስ የተላለፈ የኮንዶሚኒየም ሳይት ላይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምን እንደሚሆን እናንተም ሳታዩ አትቀሩም። ቁልፍ የተረከበ ሰው መጀመሪያ የሚያስገባው አልጋና ሶፋ አይደለም፣ አፍራሽ ነው። በሩ ይነቀላል። ቁልፉ ይወልቃል። የሽንት ቤቱ መቀመጫ፣ ሲንኩ፣ ቧንቧው ይወጣል። ግድግዳው ይቆረቆራል። ብሎኩ ሥር የተነቀለ በር በግድግዳው ተደግፎ ተደርድሯል። አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ተከፍቶ ያልተዘጋ በር ነው። ከዚያ ቆራሌው ይመጣል። አንዱን ብድግ ያደርጋል፣ ያንኳኳዋል፣ በኪሎ ይመዝናል፣ ጭኖ ይሄዳል።

የካ አባዶ አንዲት ደንበኛ በር ልታሠራ ጠርታኝ ልለካ ሄጄ ነበር። ነባሩን በር እያየሁት በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ላሜራው፣ ማለትም ስስ የብረት ሰሌዳው፣ ወደ ውስጥ ገባ አለ። ማጠፊያው በሁለት ነጥብ ብየዳ ብቻ ነው የተያዘው። ቀለሙን በጥፍሬ ጫር ሳደርገው ከሥሩ አንቲረስት የሚባል የዝገት መከላከያ ቀለም አልነካውም። ሴትየዋ አጠገቤ ቆማ ታየኛለች። «ወንድሜ፣ ይሄን እኮ የስምንት ዓመት ልጄ በእርግጫ ይከፍተዋል» አለችኝ። ዋጋ ነገርኳት። አሰበችበት። በመጨረሻ ግን ከመርካቶ ከውጭ የመጣ በር ገዝታ አስገባች። አልፈርድባትም። የአገር ልጅ የሠራውን በር አንዴ አይታዋለች፣ ያየችው ደግሞ ያንን ነው።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ይህች ሴት የመጀመሪያውን በር ዋጋ ከነወለዱ ለባንክ እየከፈለች ነው፣ የቤቱ ዋጋ ውስጥ አለና። የሁለተኛውን በር ዋጋ ደግሞ ከኪሷ አወጣች። ከተማዋ የመጀመሪያውን ለማሠራት በጀት አወጣች። አገሪቱ ሁለተኛውን ለማስመጣት ዶላር አወጣች። ለመጀመሪያው በር የዋለው ላሜራም ከውጭ የገባ ጥቅል ብረት ነው። እሱም ቆራሌ ቤት ሄደ። በሩን የበየደው ልጅ የተረፈው የኤሌክትሮድ ጭስ ነው። ማን ተጠቀመ?

የዚህ ሁሉ መነሻ የአገር ልጅ እጅ ሰንፎ አይደለም። የግዥው መንገድ ነው። ሥራው የሚሰጠው ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ የሚያቀርበው ላሜራውን የሚያሳሳው፣ ብየዳውን የሚዘለው፣ አንቲረስቱን የሚተወው ነው። ሲረከቡ ብዛቱን የሚቆጥር እንጂ ውፍረቱን የሚለካ ብዙም አላየሁም። ደህና በር የሚሠራው ሰው በዋጋ ይሸነፋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሸነፈ በኋላ ወይ እንደ ሌሎቹ ያሳሳል፣ ወይ ለግል ቤት ብቻ እየሠራ ይቀመጣል።

ክፍያውም አለ። እኔና ጓደኞቼ ለአንድ ፕሮጀክት መስኮት ሠርተን አስረክበን ነበር። የማን እንደነበር እዚህ አላነሳም፣ ስም ለማጥፋት አልጻፍኩም። ሥራውን በጊዜው አደረስን። ገንዘቡ ግን «ነገ ና»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «በጀት ተዘግቷል» እየተባለ ተጓተተ። የብረት ነጋዴው ግን አይጠብቅም። አበዳሪው አይጠብቅም። የሼዱ፣ የምንሠራበት ቦታ፣ ኪራይም እንዲሁ። ከመካከላችን አንዱ የብየዳ ማሽኑን ሸጦ ወደ ባጃጅ ሥራ ገባ። ያ ልጅ የሚበይደው መጋጠሚያ ከተሞረደ በኋላ የት ጋ እንደነበር አይለይም ነበር። እንደሱ ያለ እጅ ስታጡ የአገር ውስጥ ምርት እንደቀነሰ የሚነግራችሁ ሪፖርት የለም።

ይህን ስል የምጠይቃችሁ ከዚህ በፊት ያልነበረ ነገር አይደለም። የከተማችን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ሲጀመር፣ አቶ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ ሐሳቡ ቤት ብቻ አልነበረም። የሥራ ፈጠራ ፕሮግራምም ነበር። ቦሌ ገርጂ ላይ ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በርካሽ ዋጋ ቤት የመሥራት ሙከራ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጁ። ብሎኬቱን የሚያመርቱት እነሱ ነበሩ። ፕሪካስት ቢሙን፣ አስቀድሞ የሚሠራውን የኮንክሪት ተሸካሚ፣ የሚያወጡት፣ በርና መስኮቱን የሚበይዱት፣ ኤሌክትሪኩን የሚዘረጉት እነሱ ነበሩ። የሸንኮራ አገዳ ገለባ የሚገባበት አግሮስቶን የሚባል ሰሌዳ ለክፍል መከፋፈያ የዋለው በዚሁ ፕሮግራም ነው። ዛሬ በከተማችን የራሳቸው ድርጅት ያላቸው ብዙ ኮንትራክተሮችና የብረታ ብረት ባለሙያዎች እጃቸውን ያፍታቱት እዚያ ነው።

ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ነበር። ጥራቱ ወጣ ገባ ነበር። ብዙዎቹ ማኅበራት ከአንድ ገዢ በስተቀር ሌላ ደንበኛ ሳያፈሩ ቀሩ። ግንባታው ሲቀዘቅዝ አብረው ቀዘቀዙ። ሲሚንቶ ሲጠፋ ብሎኬት አምራቹ ወራት ሙሉ ሥራ ፈቶ ተቀመጠ። ይህን ማየት ግን ሐሳቡን መተው አለብን ያሰኛል? እኔ አይመስለኝም። የግዥው መንገድ ይስተካከል ነው የምለው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚመጣ ቁልፍ፣ ማጠፊያ፣ ሴራሚክ፣ የቧንቧ ዕቃ ሁሉ ዋጋው አብሮ ወጣ። የቤቱ ዋጋ ሲወጣ ደግሞ የሚሸከመው ቆጣቢው ነው። 20/80 ብሎ፣ ማለትም ሃያ በመቶውን ቆጥቦ የቀረውን በባንክ ብድር ሊከፍል፣ የተመዘገበ ሰው በተመዘገበበት ጊዜ የተነገረውን ዋጋ ዛሬ ቢያስበው ያዝናል። እዚህ የሚመረት ነገር ሁሉ ርካሽ ነው እያልኩ አይደለም። ሲሚንቶው፣ ቀለሙ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የፕላስቲክ ቱቦው ግን እዚሁ ይመረታል። በርና መስኮቱን፣ ደረጃ መደገፊያውን፣ የኩሽና ቁም ሳጥኑን የሚሠራ እጅም እዚሁ ነው። የእጁን ዋጋ ቢያንስ በብር ነው የምንከፍለው።

ግንባታው አሁን መልኩን እየቀየረ እንደሆነም አያለሁ። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ገርጂ ላይ በአሉሚኒየም ፎርምወርክ፣ ኮንክሪት በሚሞላበት የአሉሚኒየም ቅርጽ፣ ያሠራው መንደር በ18 ወር አልቋል። ግድግዳው እዚያው ኮንክሪት ሆኖ ይሞላል። ብሎኬት አይደረደርም። ፍጥነቱ ያስደስታል፣ እኔም ቤት ጠባቂ ነኝና ቶሎ ቢያልቅ እወዳለሁ። ግን ብሎኬት አምራቹ ከዚህ ግንባታ ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የቀረው ሥራ፣ ማለትም በሩ፣ መስኮቱ፣ እንጨቱ፣ ፊኒሺንጉ፣ ከእጁ እንዳይወጣ አስቀድሞ ይታሰብበት። ቴክኖሎጂውን ስታጸድቁ «ይህ አሠራር የስንት ማኅበር ሥራ ያስቀራል? ምን ሌላ ሥራ ይሰጣቸዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሌላ አካል የለም።

ሌላም ለውጥ አለ። ከግል አልሚዎች ጋር በሽርክና የሚሠራው ቤት እየበዛ ነው። ይህ ጥሩ ነው፣ የከተማው ካዝና ብቻውን አይችለውም። ነገር ግን የፌዴራሉ የግዥ ሕግ ለአገር ውስጥ ምርት የሚሰጠው ልዩ አስተያየት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲገዛ ነው የሚሠራው። አልሚው የግል ድርጅት ነው፣ ከፈለገ በሩን ሁሉ በኮንቴይነር ያስመጣል። እናንተ ግን የምታቀርቡት መሬት አለ። የመሬቱ ውል ሲፈረም፣ ለቤቶቹ ከሚገባው ዕቃ ይህን ያህሉ ከአገር ውስጥ አምራች ይገዛ የሚል አንቀጽ ማስገባት ትችላላችሁ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን ልመና ብቻ ነው የሚቀረው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ በሩን ስለማውቅ በበር ልናገር።

የበሩ ልክ አንድ ይሁን። ዛሬ ከሳይት ሳይት ይለያያል፣ አንዳንዴ ከብሎክ ብሎክም ይለያያል። ልኩ አንድ ቢሆን ሥራ ቀዝቃዛ በሆነበት ወር ቀድመን ሠርተን እናስቀምጥ ነበር። ናሙና በር ይሠራ። ተግባረዕድ ወይም እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ግቢ ውስጥ ይቁም። የላሜራው ውፍረት፣ የማጠፊያው ብዛት፣ የብየዳው ርዝመት፣ የቀለሙ ንብርብር ይጻፍበት። ማንም አምራች ሄዶ ይንካው፣ ይክፈተው፣ ይዝጋው። «እንዲህ ያለ በር በዚህ ዋጋ እንገዛለን» በሉ። ያን ጊዜ ውድድሩ በማሳሳት መሆኑ ይቀራል። ሲረከቡም መለኪያ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ይኑር፣ ያልሆነውን ይመልስ። ይመልስ ስል ከልቤ ነው። ደካማ ሥራ ሲመለስ ተጠቃሚው ደህና ሠሪው ነው።

ትእዛዙ ደግሞ በትናንሽ ይከፋፈል። የሺህ በር ጨረታ ሲወጣ ስድስት ሰው ያለው ማኅበር አጠገቡም አይደርስም። አንድ ትልቅ ድርጅት ያሸንፍና ሥራውን መልሶ ለእኛ በግማሽ ዋጋ ይሰጠናል። ይህ የሚስጥር ወሬ አይደለም፣ ሼድ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የሃምሳ በር፣ የመቶ በር ትእዛዝ ይኑር። ቅድመ ክፍያ ይሰጥ፣ የቀረው በታወቀ ቀን ይከፈል። ከቀኑ ካለፈ የዘገየው መሥሪያ ቤት ወለድ ይክፈል። እኛ ግብር ስናዘገይ መቀጫ አለብን አይደል?

ባዛርና ኤክስፖ አይደረግ አልልም። «ኢትዮጵያ ታምርት» ተብሎ በየዓመቱ የሚደረገውን አውቀዋለሁ፣ ደንበኛ አግኝቶበታል የሚባል ሰውም አለ። የቅዳሜና እሁድ ገበያውም ጎረቤቶቼን ጠቅሟል። ግን ለአምራች ከድንኳን ቦታ ይልቅ የታወቀ ትእዛዝ ይሻለዋል። ከተማዋ የተማሪ ምገባ ስትጀምር እናቶችን አደራጅታ ማብሰሉን ለእነሱ ሰጠች። ማንም ባዛር ላይ ውጡ አላላቸውም። በየቀኑ የሚበላ ልጅ አለ፣ በየቀኑ የሚታዘዝ ምሳ አለ፣ እናቶቹም ሥራ አላቸው። ለ2018 ያጸደቃችሁት በጀት ወደ 350 ቢሊዮን ብር ነው። በዚህች ከተማ ከእናንተ የሚበልጥ ደንበኛ የለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ይህ ከሥራዬ ራቅ ይላል፣ ግን ከበሩ ይልቅ እሱ ያሳስበኛል።

በአዲስ አበባ ቤት ማደሪያ ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በመንግሥት ከተያዘ ወዲህ ስንት ቤተሰብ በቀበሌ ቤት ኖረ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጣራው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ይህን ማንም አይናፍቀውም። ግን በዚያ ጠባብ ቤት እንጀራ ተጋግሮ ይሸጣል። ጠላ ይጠመቃል። በርበሬ ይደለዛል። ደጃፉ ላይ ጉልት አለ። ጫማ ይሰፋል፣ ልብስ ይጠገናል። የአገር ውስጥ ምርት ስትሉ ፋብሪካውን ብቻ አትዩት። ይህም የአገር ውስጥ ምርት ነው፣ ምናልባትም ትልቁ።

ሽሮ ሜዳና ጉለሌ የሸማኔዎች ሰፈር ነው። ብዙዎቹ ከጋሞ መጥተው ትውልድ አሳልፈውበታል። አንድ የማውቃቸው አባት አሉ። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። መሬቱ ላይ ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ይሉና እግራቸውን ወደ ታች ከትተው መርገጫውን ይረግጣሉ። ድሩ ከፊታቸው ተነሥቶ እስከ ወዲያኛው ግድግዳ ተወጥሯል። ሰው ሲገባ ጎንበስ ብሎ በድሩ ሥር ያልፋል። ባለቤታቸው ጥግ ላይ ክር ያጠነጥናሉ። ለጥምቀት፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ የምንለብሰው ነጠላና ቀሚስ የሚወጣው ከእንዲህ ያለ ክፍል ነው።

እኚህ ሰው ነገ ተነሥተው አራተኛ ፎቅ ላይ ጥሩ ቤት ቢሰጣቸው ጉድጓዱን የት ይቆፍራሉ? ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ አለው፣ የራሱ ሽንት ቤት አለው። ሥራው ግን ቀረ። ወለል ላይ የሚቆም የብረት ወይም የእንጨት ሸማ መሥሪያ አለ ትሉ ይሆናል፣ አዎ አለ። ቦታ ይፈልጋል፣ ድምፅ አለው፣ ከታች ያለው ጎረቤት ዝም አይልም። ቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪ እናቶችስ? ጭቃው፣ እሳቱ፣ ጭሱ ሰገነት ላይ አይሆንም። ጀበናውና ምጣዱ ግን ከሰማይ አይወርድም።

በኮሪደር ልማት ምክንያት ከካዛንችስና ከአካባቢው ተነሥተው ገላን ጉራ የገቡ ሰዎች አሉ። ቤቱ ከነበረበት ይሻላል የሚሉኝ አሉ፣ አምናቸዋለሁም። ግን ካዛንችስ ላይ ሻይና ፓስቲ ስትሸጥ የነበረች ሴት ደንበኞቿ አብረዋት አልተነሡም። የቢሮ ሠራተኛው እዚያው ቀረ፣ አላፊ አግዳሚው እዚያው ቀረ። እሷ ትራንስፖርት ከፍላ ልትመለስ ነው ወይስ አዲስ ሰፈር ላይ አዲስ ደንበኛ ልታፈላልግ? ሰው ስታሰፍሩ የቤት ቁጥር እንደምትመዘግቡ ሁሉ የሥራውን ዓይነትም መዝግቡ። ይህ የአንድ ቅጽ አንድ መስመር ነው።

የኮንዶሚኒየም ሳይቶቻችን ይህን ጭራሽ አላሰቡም አልልም። የጋራ መገልገያ ቤቱ፣ ኮሙናል የምንለው፣ የተሠራው ለዚሁ ነበር። እንጀራ ሊጋገርበት፣ ልብስ ሊታጠብበት፣ በግ ሊታረድበት። ዛሬ ብዙ ቦታ ወይ ተቆልፏል፣ ወይ ለሌላ ነገር ተከራይቷል። በአንዱ ሳይት ስድስት እናቶች ተሰባስበው ቁልፉን ሲለምኑ ሰምቻለሁ። መብራቱ ለምጣድ የሚበቃ አይደለም ተባሉ። መብራቱ የማይበቃው መጀመሪያ ሲዘረጋ ለምጣድ ስላልታሰበ ነው። በሚቀጥለው ሳይት ሲዘረጋ ይታሰብ። እንጀራ ሸጣ ልጅ የምታስተምር እናት የሌለችበት ብሎክ አላውቅም።

ምድር ቤት ያሉት ሱቆችም አሉ። በጨረታ ለካሬ ሜትር ከፍተኛ ዋጋ ላቀረበ ይሸጣሉ። ከተማዋ ገንዘብ ያስፈልጋታል፣ ይገባኛል። ግን በዚያ ዋጋ የሚገባው ባንክ፣ ፋርማሲና ትልቅ ነጋዴ ነው። በየሳይቱ ካሉት ሱቆች ጥቂቶቹ አይሸጡ። የከተማዋ ሆነው ይቆዩ፣ እዚያው ሳይት ላይ ለሚኖር አምራች በተመጣጣኝ ኪራይ ይሰጡ። ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ሠሪው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ይግቡበት። ለጉልትም ጣራ ያለው፣ ውሃ ያለው ቦታ በፕላኑ ላይ ይሳል። ካልተሳለ ጉልቱ አይቀርም፣ አስፋልት ዳር ይወጣል፣ ከዚያ ደንብ አስከባሪ ይመጣል፣ ቲማቲሙ መሬት ላይ ይፈሳል። ይህን ሁላችንም አይተናል። አያስፈልግም ነበር።

ሼዶቹም እንዲሁ። አዲስ ሰፈር ሲመሠረት ሼዱ ሰፈሩ ውስጥ ይሁን። ዛሬ ሰው አራብሳ ያድራል፣ ሼዱ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው። በሁለት ታክሲ ይሄዳል፣ በሁለት ታክሲ ይመለሳል። ድምፅና አቧራ ያለው ሥራ ከመኖሪያው ፈንጠር ቢል ተገቢ ነው፣ በእግር የሚደረስ ቢሆን ግን ምን አለበት።

ስለ ኪራይ ብዙ አልልም። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለእኔ ቢጤው እፎይታ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ አይችልም፣ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም። ከአዋጁ በፊት አከራይ በጠዋት ተነሥቶ «በዚህ ወር ጨምር ወይ ልቀቅ» ይል ነበር። ግን አዋጅ አዲስ ቤት አይሠራም። ቤት ሲበዛ ብቻ ነው ኪራዩ የሚረጋው፣ ለዚህ ነው የቤት ልማት በጀቱን ስታጸድቁ የምደሰተው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ስለ ግልጽነት። በ2014 ሐምሌ ወር የ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጥቶ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። መሰረዙ ትክክል ነበር። ግን ስንቱ ቤተሰብ ዕልል ብሎ፣ ቡና አፍልቶ፣ ዘመድ ጠርቶ እንደነበር ታውቃላችሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው ዝርዝር በዓይኑ ካላየ አያምንም። በ2005 ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዝግቦ ነበር። ከ1997 ጀምሮ የጠበቁም ነበሩበት። እነዚህ ሰዎች ተራቸውን የማወቅ መብት አላቸው። በየዓመቱ ስንት ቤት እንደተሠራ፣ ለማን እንደተላለፈ፣ ስንት ሰው እንደቀረ በየወረዳው ይለጠፍ። ከዚሁ ጎን ለቤቶቹ የገባው ዕቃ ከማን እንደተገዛ፣ በስንት እንደተገዛ፣ ክፍያው መቼ እንደተከፈለ ይለጠፍ። አምራቹም ቆጣቢውም ያነበዋል።

እናንተ 138 ናችሁ። ከእናንተ መካከል ቤት የሚጠብቅ ዘመድ የሌለው፣ ሼድ ውስጥ የሚሠራ ወንድም ወይም እህት የሌለው ያለ አይመስለኝም። የሚቀጥለው የቤት ፕሮጀክት ሲቀርብላችሁ ቋሚ ኮሚቴያችሁ ከማጽደቁ በፊት የዕቃውን ዝርዝር ያስቀርብ። ከየትኛው ዕቃ ምን ያህሉ እዚህ ተመርቶ እንደሚገዛ ይጻፍ። ለሸማኔው፣ ለሸክላ ሠሪዋ፣ ለእንጀራ ጋጋሪዋ የትኛው ቦታ እንደተያዘ በፕላኑ ላይ ጣት ተቀስሮ ይታይ። እኛም በየክፍለ ከተማው ያለን የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ሰዎች ብትጠሩን እንመጣለን። ናሙና በሩንም በራሳችን ወጪ ሠርተን እናቀርባለን፣ ማንም መጥቶ ይፈትሸው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

አንድ በር ሠሪና የ2005 ተመዝጋቢ
አዲስ አበባ